ማሰሪያ አንቀጹን ያልጠበቀችው

ጥድፊያ የወጣላት ስም ሳይሆን የወጣባት ስም ነው። እናቷ ያወጡላት ሌላ ነበር፤ እሱን አሁን የሚያውቁት መታወቂያዋና ባሏ ብቻ ናቸው። ሲወራ እንደሚሰማው፣ ከእናቷ ሆድ እንኳ ወሯን ጠብቃ አልወጣችም። አዋላጇ ገና እጇን እየታጠበች ሳለ ደርሳ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ መቀመጫ የላትም። ቆማ የምትበላ፣ እየሄደች የምትስቅ፣ ሰው ጸሎቱን ሳይጨርስ ቀድማ "አሜን" የምትል ልጅ ሆና አደገች። አክስቷ አንድ ቀን ቢጨንቃቸው "ኧረ ልጄ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አሏት። "እሱ እግር እስኪያወጣ እኔ ጠብሼ በልቼዋለሁ፣ አክስቴ" ብላ ሮጣ ወጣች።

ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረሰች ዳቦ ቤት ተቀጠረች። ዳቦው ሳይቀላ ታወጣዋለች፤ ደንበኛ ደግሞ ነጭ ዳቦ ቢወድም ጥሬ ሊጥ አይወድም። ቀጥላ ልብስ ሰፊ ጋ ገባች። እዚያም የቁልፍ ቀዳዳ ምልክት ሳይደረግለት በመቀስ ትበሳለች፤ የአንድ ዳኛ ኮት በአምስት ቁልፍ ስድስት ቀዳዳ ይዞ ከሱቁ ወጣ። ፎቶ ኮፒ ቤትም ሞክራለች፤ እዚያ የሆነውን ግን ባትናገረው ትመርጣለች። ከየትኛውም ሥራ ተባርራ አታውቅም። የሚያሳፍር ነገር ሲደርስ አለቃዋ አፉን ሳይከፍት ሽርጧን አውልቃ መስቀያው ላይ ሰቅላ ትሄዳለች። ከሚያባርሩኝ ልቅደማቸው ነው ነገሩ።

ትዳሯም ቢሆን በዚሁ መንገድ ነው የተመሠረተው። ባሏ ጎማ ጠጋኝ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ቃል ከአፉ እንደ ዛገ ብሎን እየዞረ የሚወጣለት ሰው። አንድ ዝናባማ ቀን እሱ ሱቅ በር ላይ ተጠልላ ቆማ ሳለ፣ "አንቺን እንዲህ ስትመላለሺ ባየሁ ቁጥር…" ብሎ ሲጀምር፣ "እሺ" አለችው። እስከ ዛሬ ያሾፍባታል። ጃንጥላ ላውስሽ ሊል ነበር፤ ሳያስበው ባለትዳር ሆኖ አረፈው።

አሁን ወደምትሠራበት የዕፅዋት ማዕከል የመጣችው ልጃቸው ሚጡ ከተወለደች በኋላ ነው። ሥራዋ አፈር ማበጠር፣ በትንንሽ ላስቲክ መሙላት፣ ዘር መትከል፣ ውሃ ማጠጣት ነበር። እዚህ ጥድፊያዋ ዋጋ አገኘ። ችግኝ ማልዶ ካልጠጣ ፀሐይ ይቀድመዋልና፣ እሷ ከፀሐይ ጋር እሽቅድምድም ገጥማ ታሸንፍ ነበር። ከችግኝ መደቡ ጎን የሚያልፉትን አስጎብኚዎች እየሰማችም እንግሊዝኛዋ ተፍታታ። አንድ ጊዜ መንገድ የጠፋባቸው ጎብኚዎችን ስታስረዳ የጉብኝት ክፍሉ ኃላፊ አዩዋት። ሴትየዋ ብዙ የማይናገሩ፣ ሁልጊዜ ከሰው ጀርባ ሁለት እርምጃ ያህል ወደኋላ ቀርተው የሚራመዱ ናቸው። ከአስጎብኚዎቹ አንዱ ሥራ ሲለቅ ጥድፊያን አስጠርተው፣ ሐሙስ ዕለት አንድ የእንግዶች ቡድን ይዛ ትዞራለች፣ እሳቸው ከኋላ ሆነው ያያሉ፣ ከወደዱት ቋሚ አስጎብኚ ትሆናለች አሏት።

ለሌላ ሰው ይህ የሥራ ዕድገት ነው። ለእሷ ግን የልጇ ጉዳይ ነበር።

ማዕከሉ የሕፃናት ማቆያ አለው፤ የሚቀበለው ግን የቋሚ ሠራተኛ ልጆችን ብቻ ነው። ጥድፊያ ጊዜያዊ ነች። እስካሁን ሚጡን የምታውልላት ጎረቤቷ ነበረች፤ ጎረቤቷ ግን ወደ ሌላ ከተማ ልትዛወር ዕቃዋን ጠቅልላ ጨርሳለች። ባሏ ልጅ እንዳይዝ ሱቁ ሙሉ በሙሉ ብረትና የጎማ ማጣበቂያ ነው። ይህን የሰሙት አማቷ ስልክ ደውለው፣ "ልጅቷ ከእኔ ጋ ትክረም። ቅዳሜ መጥቼ እወስዳታለሁ፣ ትኬት ቆርጫለሁ" አሉ። አማቷ ያሉበት አገር በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ያስኬዳል። ክፉ ሴት አይደሉም። ክፉ ቢሆኑማ ይቀላት ነበር፤ እምቢ የሚባልበት ምክንያት አይጠፋም። ደግ ናቸው፣ ሚጡን ይወዷታል፣ ግቢያቸው ሰፊ ነው። ጥድፊያን ያስፈራትም ይኸው ነው። በአራት ዓመቷ የሄደች ልጅ ስትመለስ "እማዬ" የምትለው ማንን እንደሚሆን ማን ያውቃል?

እንግዲህ ሐሙስ ካለፈላት ሚጡ ማቆያ ትገባለች። ካላለፈላት ቅዳሜ አውቶቡስ ትሳፈራለች።

ይህን ሁሉ አንድ ቃል መንገድ ላይ ቆሞ አገደው። ጉብኝቱ የሚጀምረው ከዋናው በር አጠገብ ካሉት የጃካራንዳ ዛፎች ነው። በዚያ ሰሞን ቅጠል የሚባል አልነበራቸውም፤ ቅርንጫፋቸው ራቁቱን ሰማዩን ይቧጥጣል። የሚገባ እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ሞተዋል እንዴ? መልሱ፣ አልሞቱም፣ በየዓመቱ ቅጠላቸውን የሚያረግፉ ዓይነት ናቸው፣ የሚል ነው። እንግሊዝኛው ለዚያ "ዲሲጁወስ" የሚል ቅጽል አለው። ጥድፊያ የቀሩትን ቃላት ሁሉ አንድ በአንድ ገርታቸዋለች፤ ይቺን ግን ስትነካት ምላሷ ይተሳሰራል። አንዴ "ዴሲዱስ" ትላለች፣ አንዴ "ዲሳይዱዋስ"፣ ከዚያ መሃሏን ውጣ ጫፏን ብቻ ታሰማለች።

በሩ ላይ ያለችው ትኬት ቆራጭ ጓደኛዋ ነች። በመስኮቷ ቀዳዳ ስትሰማት ቆይታ፣ "ያነጠስሽ መስሎኝ ይማርሽ ልልሽ ነበር" አለቻት።

"አትሳቂ። በዚህ ቃል ልጄ ልትሄድብኝ ነው።"

ቆራጯ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጋሽ ረዥሙን ጠይቂ አለቻት።

ጋሽ ረዥሙ ቁመታቸው አጭር ነው። ረዥሙ የተባሉት በዓረፍተ ነገራቸው ነው። የደረቁ ዕፅዋት ክፍል ጠባቂ ናቸው፤ ከጣሪያ የሚደርሱ ቁም ሣጥኖች በየመሳቢያቸው በወረቀት ላይ የተለጠፈ ቅጠልና አበባ ይዘዋል፣ ክፍሉ የብል መድኃኒት ይሸታል። ላቲን የተማሩት በወጣትነታቸው ነው፤ በላቲን የሚያነጋግሩት ሰው ግን አላገኙም። አንድ ነገር ከጠየቃቸው ሰው ጋር ጀምበር ታዘቀዝቃለች ይባላል። ሠራተኛው፣ ጋሽ ረዥሙን ሰላም ልትል ስትሄድ ወንበር ይዘህ ሂድ፣ እያለ ይቀልድባቸዋል።

ጥድፊያ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በሩን አንኳኩታ፣ አንኳኩታ ሳትጨርስ ገባች። እሳቸው ደስ አላቸው። ቃሏን ወረቀት ላይ አልጻፉላትም፤ በጣታቸው ጠረጴዛውን እየመቱ በአራት ከፈሉላት፦ ዲ፣ ሲ፣ ጁ፣ ወስ። ሸክሙ ሁሉ ሁለተኛዋ ላይ ነው፤ "ሲ"ን ጫን ካልሽላት የቀሩት በራሳቸው ይከተላሉ አሏት። ጥድፊያ ግን የተጻፈው "ዱ" ሆኖ ሳለ "ጁ" ከየት እንደመጣ አልገባትም፤ ፈረንጅ ሲጽፍ አንድ ሲናገር ሌላ ነው ብላ አማረረች።

"አትማረሪ" አሉ ጋሽ ረዥሙ። "ወንዱን ምን ትዪዋለሽ? ውሰድ። ሴቷንስ?"

"ውሰጂ።"

"ታዲያ 'ድ' የት ሄደች? 'ኢ' ስትመጣባት ቦታ ጠቧት 'ጅ' ሆነች። የእነሱም ከኋላዋ ገፊ መጥቶባት ነው።"

ጥድፊያ ለመጀመሪያ ጊዜ ያቺን ቃል ጠላት አድርጋ አላየቻትም። ውሰድ፣ ውሰጂ። ክፈል፣ ክፈዪ። ዲሲጁወስ አለችው፤ ወጣላት። ደገመችው፤ አሁንም ወጣላት። እግሯ ወዲያው መሬት መቧጠጥ ጀመረ፤ መሄድ አማራት። ግን አንድ ነገር ከነከናት። መወሰን የሚለው "ዲሳይድ" አጻጻፉ ከዚህ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ዘመዱ ይሆን እንዴ ብላ ጠየቀች።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ጋሽ ረዥሙን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ጀመሩ።

"ዲሳይድ ማለት፣ እኛ ሰው ሲወስን 'ቆረጠ' እንደምንለው ሁሉ፣ በላቲን ከሥሩ መቁረጥ ማለት ሲሆን፣ ይቺ ያንቺይቱ ዲሲጁወስ እና እሷ፣ በጽሑፍ ሲታዩ መልካቸው ቁርጥ አንድ በመሆኑ፣ ላቲን የጀመረ ተማሪ ሁሉ እንደሚመስለው፣ ከአንድ እናት የተወለዱ እህትማማቾች…"

እዚህ ላይ ትንፋሽ ሊወስዱ ቆም አሉ።

ጥድፊያ ልቧ በደስታ ዘለለ። እህትማማቾች! የዛፉን ቃል ከምታውቀው ቃል ጋር አሰረችው ማለት ነው፤ ከእንግዲህ አይጠፋትም። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ!" አለችና ወጣች።

"…አይደሉም" አሉ ጋሽ ረዥሙ፣ ለተዘጋው በር።

አማርኛ እንዲህ ያለ ቋንቋ ነው። ስሙን ይሰጥሃል፣ ቅጽሉን ይሰጥሃል፣ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ይደረድርልሃል፤ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ግን መጨረሻ ላይ፣ ማሰሪያ አንቀጹ ጋ፣ ቋጥሮ ያስቀምጥብሃል። ሳይጨርስ የተነሣ ሰው የሰማው ሁሉ ልክ ሆኖ ሳለ የያዘው ተቃራኒውን ነው።

እሷ ይህን አላወቀችም። ቤቷ ገብታ ሽንኩርት እየከተፈች ማብራሪያዋን ሠራች። ዛፉ ቆርጧል! ውሃ ሲጠፋ ቁጭ ብሎ አያለቅስም፣ ይቆርጣል፣ ቅጠሉን ይጥላል፣ ራሱን ያድናል። እንዴት የሚያምር ነገር ነው! እንግዶቹ ይህን ሰምተው ዝም አይሉም። ሚጡ አልጋው ላይ ወጥታ ቃሉን ከእናቷ እየተቀበለች ትዘላለች፤ "ሲ" ላይ ስትደርስ ከፍ ብላ ትነጥራለች። ልጅቷ ሳትሳሳት ትለዋለች። ጥድፊያ ቢላዋውን አስቀምጣ አየቻት። ቅዳሜን አሰበች። ከዚያ ቶሎ ብላ ሽንኩርቷን አነሣች፤ ሽንኩርት ሲኖር ዓይን የሚያብሱበት ምክንያት አያጡም።

ባሏ ደጋግሞ ሲሰማ ቆየና፣ "ጋሽ ረዥሙ ናቸው እንዲህ ያሉሽ?" አለ።

"አዎ፣ እሳቸው ናቸው።"

"ጨረሱ?"

"ጨረሱ እንጂ።"

"እሳቸው?" አለ ባሏ፤ "በአንድ ከሰዓት?" ሌላም ሊጨምር ሲል እሷ ወጥ ልታማስል ሄዳ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት እንግዶቹ መጡ። ሰፊ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ሽበታም፣ ዓይናቸው የሚስቅ አንዲት አሮጊት ከፊት ቆመዋል። ኃላፊዋ እንደ ልማዳቸው ከኋላ፣ ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘው። ጥድፊያ ከሦስት ጊዜ በላይ ጫማዋን ጠርጋለች። ሰላምታ ሰጠች፤ ገና ከመጀመሯ ከእንግዶቹ አንዱ ራቁት ዛፎቹን አሳይቶ፣ ሞተዋል ወይ ብሎ ጠየቀ።

አልሞቱም አለች። ቃሏንም አለቻት፤ አራቱም ክፍሎች በየቦታቸው፣ ሸክሙ "ሲ" ላይ። ኃላፊዋ በአዎንታ አንገታቸውን ነቀነቁ። ጥድፊያ ያንን አይታ ወደሚቀጥለው መሄድ ነበረባት።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ደስታዋ ጎትቶ ጨመረላት። ይህ ቃል መወሰን ከሚለው ቃላችሁ ጋር እህትማማች ነው አለች፤ በእኛም ቋንቋ የወሰነ ሰው "ቆረጠ" ይባላል፤ እንግዲህ ይህ ዛፍ ቅጠሉን ለመተው የቆረጠ ዛፍ ነው። እንግዶቹ ፈገግ አሉ። አንዷ እንዴት ደስ ይላል አለች። ባለ ባርኔጣዋ ሴትዮ ግን ጣታቸውን ከፍ አደረጉ።

ሴትዮዋ የጥርስ ሐኪም ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። በእኛም ሥራ ይህ ቃል አለ አሉ በለሆሳስ፤ የልጆችን የወተት ጥርስ እንጠራበታለን። "ዕድሜዬን ሙሉ ከልጆች አፍ ጥርስ ስለቅም ኖሬያለሁ፣ የኔ ልጅ። ቆርጦ የወጣ አንድም አላየሁም። ሁሉም የወደቁ ናቸው። እኔም የተማርኩት ቃሉ ከመውደቅ እንደመጣ ነው።"

ሁሉም ሳቁ። ሳቁ ክፉ አልነበረም፤ ለጥድፊያ ግን እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ነበር። ፊቷ ነደደ። በሩ ቅርብ ነው። የቆራጯ መስኮት ይታያል። ደረቷ ላይ ያለው የሠራተኛ ባጅ በአንድ እጅ ይነቀላል፤ ነቅሎ መስኮቱ ላይ አስቀምጦ መውጣት ነው፣ እንደ ዳቦ ቤቱ፣ እንደ ልብስ ሰፊው። እግሯ ዞሮ ነበር። ባጇን ያዘችው። ቅዳሜ አውቶቡስ ላይ ሚጡ በመስኮት እጇን ስታውለበልብ ታየቻት፤ ልጅቷ ደስ ብሏት እየሳቀች፣ ምንም ሳይገባት። ባጇን ለቀቀችው።

"ያስተማሩኝን ሰው እንጠይቃቸዋለን" አለች፤ ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም። "መንገዳችን ላይ ናቸው።"

ከዚያ እስከ ደረቁ ዕፅዋት ክፍል ያለው መንገድ ለሌላ ሰው አጭር ነው። የውሃ አበቦቹን አሳየች፣ የፈርን ቤቱን አስገባች፣ የምትለውን ሁሉ አለች። ጋሽ ረዥሙን በልቧ ስታብጠለጥላቸው ሄደች። ሽማግሌ! እህትማማቾች አላሉም? በገዛ ጆሮዬ አልሰማሁም? ከኋላዋ የኃላፊዋ ጃንጥላ ጠጠሩን ጠቅ፣ ጠቅ ያደርጋል።

ጋሽ ረዥሙ ያን ሁሉ ሰው ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሡ። ጥድፊያ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም፣ "ጋሼ፣ ትናንት ዲሲጁወስና ዲሳይድ እህትማማቾች ናቸው ብለውኝ አልነበረም?" አለች።

"የትናንቱን ዓረፍተ ነገር ነው?" አሉ። "አልጨረስኩትም እኮ።"

እንግሊዝኛ ማንበብ እንጂ መናገር አይሆንላቸውም። ስለዚህ እሳቸው ይናገራሉ፣ እሷ ትተረጉማለች፤ ሌላ መንገድ የለም። መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ከመጀመሪያው ጀመሩ። ዲሳይድ ማለት፣ እኛ ሰው ሲወስን ቆረጠ እንደምንለው ሁሉ…

ጥድፊያ አፏን ከፍታ ጠበቀች። የፈረንጆቹ ዓረፍተ ነገር ነውን ወይም አይደለምን ከባለቤቱ ጎን ወዲያው ይፈልጋል፤ የእሳቸው ደግሞ ገና ዳገቱን እየወጣ ነው። መተርጎም አትችልም። መልካቸው ቁርጥ አንድ በመሆኑ… ሐኪሟ ከንፈሯን ከንፈሯን ያያሉ። ላቲን የጀመረ ተማሪ ሁሉ እንደሚመስለው… ጣቶቿ የቀሚሷን ጫፍ ይጠመዝዛሉ። ከአንድ እናት የተወለዱ እህትማማቾች…

ጋሽ ረዥሙ ትንፋሽ ሊወስዱ ቆም አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጨርቅ ፈለጉ፤ የሸሚዛቸውን ጫፍ አገኙ፤ ጠረጉት።

"እህትማማቾች" የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ጥርሷን ነክሳ መለሰችው። ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ አማርኛ ባያውቅም አንድ ነገር እየተጠበቀ እንደሆነ ገብቶታል፤ ማንም አልተነቃነቀም።

"…አይደሉም" አሉ ጋሽ ረዥሙ፣ መነጽራቸውን መልሰው አጥልቀው።

ጥድፊያ ተርጉማው ያለቀ መሰላት። እሳቸው ግን ገና መጀመራቸው ነው። አንዷ ከመቁረጥ፣ አንዷ ከመውደቅ ናቸው፤ "ዴ" የምትለዋ ከላይ ወደ ታች የሚለውን ጨምራባቸዋለች። በላቲን ጽሑፍ ፊደላቸው አንድ ነው፤ መሃሏ ያለችው "ኢ" ግን ለመውደቅ አጭር፣ ለመቁረጥ ረዥም ነበረች። ሰው "ይመታል" ተብሎ ቢጻፍ፣ መቺው ይሁን ተመቺው የምናውቀው አጥብቀን ወይም አላልተን ስናነበው እንደሆነ ሁሉ ማለት ነው። ጥድፊያ እያንዳንዱን እስከ መጨረሻው እየጠበቀች ተረጎመች። ስትጨርስ ግን አላቆመችም። ትናንትም እንደዚሁ ነግረውኝ ነበር አለች፤ ስህተቱ የእሳቸው አይደለም፤ እኔ ማሰሪያው ሳይደርስ ወጥቼ ነው።

ሐኪሟ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "እንዴ፣ በቋንቋችሁ ሰው እሺ ይበል እምቢ ይበል ለማወቅ እስከ መጨረሻ መቀመጥ ያስፈልጋል?"

"አዎ" አለች ጥድፊያ። "እኔ ደግሞ መቀመጥ አልችልም።"

ይህኛው ሳቅ የተለየ ነበር። እንግዶቹ ሲወጡ "አይደሉም፣ አይደሉም" እያሉ ቃሉን አፋቸው ውስጥ ያገላብጡት ነበር፤ "ሉ"ዋን አጥብቆ ያወጣት ግን አንድም አልነበረም።

የኃላፊዋ ቢሮ በር ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። በምሳ ሰዓት ጥድፊያ ተቀመጠችበት፣ ተነሣች፣ ተቀመጠችበት። ኮሪደሩን እስከ ውሃ ቧንቧው ሄዳ ተመለሰች። ትኬት ቆራጯ ምሳዋን እንደያዘች መጥታ አጠገቧ ቆመች፤ እንደ ወትሮዋ ልትቀልድ ብላ ተወችው። በሩ ሲከፈት ጥድፊያ የምትናገረውን ሁሉ አዘጋጅታ ነበር፤ ይቅርታውን፣ ልመናውን፣ ካስፈለገም ስንብቱን።

ኃላፊዋ ግን አላስጀመሯትም። ያላረጋገጠችውን ለእንግዳ መናገሯን አልወደዱትም፤ የሚቀጥለው ቡድን ከመምጣቱ በፊት ማብራሪያዋን በሙሉ ከጋሽ ረዥሙ ጋር ተቀምጣ ታስተካክላለች፤ ስንት ከሰዓት ቢፈጅም። ጥድፊያ "እሺ" አለች፤ ልቧ ግን አሁንም ተንጠልጥሏል። ኃላፊዋ ጃንጥላቸውን ጥግ አስደግፈው፣ "በሩን ስታዪው አይቼሻለሁ፤ አልወጣሽም" አሉ። ከዚያም፣ "ሰኞ ልጅሽን ይዘሽ ነይ። ማቆያው በሁለት ሰዓት ይከፈታል።"

አጭር ዓረፍተ ነገር ነበር። ጥድፊያ ከዚህ በኋላ ሌላ የሚከተል ነገር እንዳለ ቆማ ጠበቀች፤ ኃላፊዋ "ሂጂ እንጂ" እስኪሏት ድረስ።

ቤቷ እንደደረሰች አማቷ ጋ ደወለች። ባሏ፣ እኔ ልንገራቸው፣ ማለት ጀምሮ ነበር፤ ስልኩ ግን ጠርቶ ተነሥቷል። ነገረቻቸው። የአልጋውን ጠርዝ ይዛ መልሱን ጠበቀች።

"እንግዲህ እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ አማቷ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ግን ምስጋናውን አልተከተለም። "እኔማ ትንሽ ትራስ አሰፍቼላት ነበር። መጋረጃውንም አጥቤ ሰቅዬ… ለማን ይሁን አሁን?"

ጥድፊያ እሳቸው ምን ያህል እንደጠበቁ እስከዚያች ደቂቃ አስባው አታውቅም ነበር። የራሷን ጭንቀት ስታሯሩጥ ከርማለች፤ በሌላኛው ጫፍ ያለች ሴትም ቅዳሜን ትቆጥር እንደነበር አልታያትም።

"ትራሱን ይዘውት ይምጡ፣ እማማ" አለች። "ትኬቱ አለ አይደል? ቅዳሜ ይምጡ። ሰኞ ሚጡን ማቆያ አብረን እናስገባታለን።"

"ልጅ ልወስድ በቆረጥኩት ትኬት?"

"ትኬቱ ልጅ አይልም እኮ።"

አማቷ ሳቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው ግን ተቆጡ። የት ሊተኙ ነው? የእነሱ ቤት መርፌ ቢወድቅ የሚያርፍበት የለውም፤ እሳቸው ደግሞ ወገባቸው መሬት አይችልም፤ ሰው አስቸግረው ደግሞ… እያሉ ቀጠሉ። ጥድፊያ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ቆልፋ አልጋውን መግፋት ጀምራለች። ባሏ "ኧረ ቆይ፣ መጀመሪያ እንለካው" እያለ በሌላኛው ጫፍ ይዟል። አልጋው ከጓዳው በር መሃል ገብቶ ተቀረቀረ፤ ሚጡ ላዩ ላይ ተቀምጣ መርከብ ነው እያለች ትቀዝፋለች።

"እየሰማሽኝ ነው?" አሉ አማቷ።

"እየሰማሁዎት ነው፣ እማማ" አለች ጥድፊያ፤ ትከሻዋን ከአልጋው ጠርዝ አስደግፋ እንደገና ገፋች።